«ቅጠል ነው፤ ምን ያደርጋል?»

ከአንድ የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪ

በግቢያችን ከአንድ ወር ወዲህ አንድ አረንጓዴ ካርቶን ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። በላዩ ላይ የቻይና ጽሕፈትና የአንዲት ወገበ ቀጭን ሴት ሥዕል አለበት። ውስጡ ያለው የሻይ ከረጢት ነው፤ ጠዋትና ማታ በፍል ውሃ ነክረው ሲጠጡት ክብደት ይቀንሳል ይባላል። የምርቃት ፎቶግራፍ የደረሰባቸው የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች፣ ሴቱም ወንዱም፣ ተስፋቸውን በዚህ ሻይ ላይ ጥለዋል። በውስጡ ምን እንዳለ የጠየቅኋቸው ሁሉ የሰጡኝ መልስ አንድ ነው፤ «ቅጠል ነው፤ ምን ያደርጋል?»

ነገሩ በምግብ አዳራሹ ክርክር አስነሣ። አንድ የሳይንስ ፋኩልቲ ወዳጃችን፣ ሹካውን እንደ በትር ይዞ፣ የቻይና ባህላዊ ሕክምና የሚባለው ሁሉ ከደብተራ ክታብ የማይለይ ስለ ሆነ ካርቶኑ ወደ ቆሻሻ መጣያ ይሂድ ብሎ ፈረደ። ከጎኑ የተቀመጠችው ደግሞ፣ ቻይናዎች ሁለት ሺህ ዓመት የጠጡት ነገር ኬሚካል ስለሌለበት ከሐኪም ክኒን ይሻላል ስትል መለሰችለት። እኔ በሁለቱ መካከል ተቀምጬ ወጤን ጨረስኩ። ዝም ያልኩት ሐሳብ አጥቼ አይደለም፤ ሁለቱም የተሳሳቱ ስለ መሰለኝና ይህንንም ለማስረዳት አንድ የምሳ ሰዓት ስለማይበቃኝ ነው።

የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ስለ መድኀኒት ምን አገባው የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። አንደኛ ነገር፣ ዋጋውን በገዛ ሰውነቴ ከፍዬበታለሁ። ሌላው ደግሞ፣ ነገሩን ባነበብኩት መጠን ጉዳዩ ከግማሽ በላይ የመጽሐፍና የስም ጉዳይ ሆኖ አገኘሁት፤ አሮጌ ጽሑፍን በትክክል ማንበብና አንድ ስም የትኛውን ነገር እንደሚጠራ ማወቅ ደግሞ የእኛ ሥራ ነው። ከዚህ በታች የምጠራቸው ዘመናት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ የራሴን ልናገር። ያለፈው ዓመት የመስቀል በዓል ወደ ቆላ አገር ወደ ዘመዶቼ ወርጄ ንዳድ ያዘኝ። ብርዱና ትኩሳቱ ሲፈራረቅብኝ አንዲት ደግ ጎረቤት የደረቀ ቅጠል አፍልተው አጠጡኝ። «ይህ ያ የቻይናው የወባ ቅጠል ነው፤ ክኒኑም የሚሠራው ከዚሁ ነው» አሉኝ። የተናገሩት እውነት ነበር። በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቀኝ፤ እኔም ቅጠሉን እያመሰገንኩ አዲስ አበባ ገባሁ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ግን በፈተና ወንበር ላይ እንደ ተቀመጥኩ ጥርሴ ይንገጫገጭ ጀመር። ደሜ ሲመረመር ክፉው ዓይነት፣ ፋልሲፓረም የሚሉት፣ መላ ሰውነቴን ሞልቶት ተገኘ። ሐኪሙ ቅጠሉን ስነግረው አልሳቀብኝም፤ «መድኀኒቱ እውነተኛ ነው፤ አንተ የጠጣኸው ግን ጥላውን ነው» አለኝ። ያን ቀን ያልገባኝ ይህ ቃል ነው መጽሐፍ ቤት ያስገባኝ።

ያ ቅጠል በቻይና ቺንሃዎ ይባላል፤ በሳይንስ ስሙ አርቴሚሲያ አኑዋ የተባለው፣ የእኛ የጭቁኝ ዘመድ ነው። በ1967 በሜይ 23 ቀን የቻይና መንግሥት ወባን የሚያሸንፍ መድኀኒት ለማግኘት ምስጢራዊ የምርምር ሥራ አስጀመረ፤ በቀኑም ምክንያት «ፕሮጀክት 523» ተባለ። የቬትናም ጦርነት ጊዜ ነበርና በጫካ ውስጥ ከጥይት ይልቅ ወባ ወታደሩን ይፈጀው ነበር፤ ክሎሮኪንም ኃይሉ እየደከመ ነበር። በ1969 በፔኪንግ የባህላዊ ሕክምና አካዳሚ ትሠራ የነበረች ቱ ዩዩ የተባለች ሴት የአንድ የምርምር ቡድን መሪ ሆነች። የዶክትሬት ማዕርግ የላት፣ ውጭ አገር አልተማረች። እርስዋና ጓደኞችዋ ከአሮጌ መጻሕፍትና ከባህል ሐኪሞች አፍ ሁለት ሺህ ያህል የመድኀኒት ቅመማ ሰበሰቡ፤ ከዚያም ውስጥ 640 የሚሆነውን መርጠው ይፈትሹ ጀመር።

ቺንሃዎ በመጀመሪያው ፈተና ጥሩ ምልክት አሳየ፤ ሲደገም ግን ምንም የማይረባ ሆነ። እዚህ ላይ የሳይንስ ፋኩልቲው ወዳጄ ቢሆን ኖሮ «አላልኳችሁም?» ብሎ ካርቶኑን ይጥለው ነበር። ቱ ዩዩ ያደረገችው ግን እኛ በክፍላችን ሰነፍ ስንሆን የማናደርገውን ነው፤ ወደ መጽሐፉ ተመለሰች። በአራተኛው መቶ ዘመን የኖረው ጌ ሆንግ ለድንገተኛ በሽታ በጻፈው የመድኀኒት መጽሐፍ ውስጥ ለንዳድ የታዘዘውን እንደገና አነበበችው። ጌ ሆንግ ቅጠሉን አፍሉት አላለም፤ በውሃ ዘፍዝፋችሁ ጭማቂውን ጠጡ ነው ያለው። ሌላው የቻይና መድኀኒት በአብዛኛው የሚቀቀል ሆኖ ሳለ ይህ ለምን አልተቀቀለም? ምናልባት እሳቱ መድኀኒቱን ይገድለው ይሆን? ብላ ጠየቀች። ስለዚህ በ35 ዲግሪ ላይ በሚፈላው በኤተር ቅጠሉን ነክራ አወጣችው። በ1971 ኦክቶበር ወር 191 የሚል ቁጥር የተሰጠው ናሙና በአይጦች ላይ ያለውን የወባ ተባይ አንድ ሳያስቀር አጠፋ። በሚቀጥለው ዓመት እርስዋና ሁለት የሥራ ጓደኞችዋ መጀመሪያ ራሳቸው ጠጥተው ጉዳት እንደሌለው አዩ፤ ከዚያ በኋላ ነው ለሕመምተኛ የተሰጠው። በዚያው በ1972 ከቅጠሉ ውስጥ የሚሠራው ነገር ነጥሮ ወጣ፤ ይኸውም አርቴሚሲኒን ነው። በ2015 ቱ ዩዩ የኖቤል ሽልማት ተካፈለች።

ይህ ንጥረ ነገር በውስጡ ሁለት ኦክሲጅኖች እርስ በርሳቸው የተያያዙበት ድልድይ አለው። የወባ ተባይ የሰውን ቀይ ደም እየበላ ሲኖር ብረት ያለበት ትራፊ ያከማቻል፤ አርቴሚሲኒን ያን ብረት ሲያገኝ ድልድዩ ይሰበርና ተባዩን ከውስጥ ያቃጥለዋል። ወንጀለኛው በሰረቀው ዕቃ ተያዘ እንደ ማለት ነው።

እንግዲህ እኔ የጠጣሁት ለምን ጥላ ሆነ? አርቴሚሲኒን በውሃ ውስጥ በደንብ አይሟሟም። በደረቁ ቅጠል ውስጥ ያለው መጠን ብዙውን ጊዜ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም፤ እሱም በዘሩ፣ በአፈሩ፣ በሚለቀምበት ወር ይለያያል። ከሰው ሰውነት ደግሞ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይወጣል። ስለዚህ ሻዩ ብዙዎቹን ተባዮች ገድሎ ትኩሳቱን ያበርዳል፤ የቀሩት ግን ተመልሰው ይራባሉ። ሐኪሞች ክኒኑን ቀስ ብሎ ከሚወጣ ከሌላ መድኀኒት ጋር አጣምረው የሚሰጡት ስለዚህ ነው። አገራችንም በ2004 ለፋልሲፓረም የመረጠችው ኮአርተም አርቴሜተርና ሉሜፋንትሪን የተጣመሩበት ነው፤ ሁለቱም የተገኙት በዚያው በቻይናዎች ፕሮጀክት ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም አርቴሚሲኒን ለብቻው እንዳይሰጥ፣ ቅጠሉም በሻይ መልክ ለወባ እንዳይጠጣ ደጋግሞ አሳስቧል። ምክንያቱ ለእኔ ጤና ብቻ አይደለም። በትንሽ መጠን ተነክቶ ያልሞተ ተባይ መድኀኒቱን ይለምደዋል። በካምቦዲያና በታይላንድ ድንበር የታየው መላመድ ዛሬ በሩዋንዳ፣ በኡጋንዳ፣ በኤርትራ ታይቷል፤ በ2023 የታተመ ጥናት በእኛም አገር መድኀኒቱን የሚቋቋም ዝርያ መኖሩን ገልጿል። የእኔ ሻይ ይህን አመጣ አልልም፤ ግን በእኔ ደም ውስጥ የተረፉት ተባዮች ጥላውን ቀምሰው ነው የተረፉት።

አሁን ደግሞ ወደ ወገበ ቀጭኗ ሴት ልመለስ፤ ይህኛው ታሪክ እንቅልፍ የሚነሣ ነውና ታገሡኝ።

በቤልጅግ ዋና ከተማ በብራስልስ አንድ የክብደት መቀነሻ ክሊኒክ ነበር። ለብዙ ዓመት ያለ ችግር ሠርቶ በ1990 በሚሰጠው ክኒን ላይ ሁለት የቻይና ዕፀዋት ዱቄት ጨመረ። ከነዚህ አንዱ በቻይንኛ ፋንግ ጂ የሚባለው ሥር ነበር። በ1992 ወጣት ሴቶች ኩላሊታቸው ደርቆና ጠባሳ ሆኖ ወደ ሆስፒታል ይመጡ ጀመር። ስኳር የለባቸው፣ የደም ግፊታቸው እምብዛም አልከፋ፤ የሚያመሳስላቸው ያ ክሊኒክ ብቻ ሆኖ ተገኘ። የብራስልስ ሐኪሞች ነገሩን በ1993 ላንሴት በተባለው መጽሔት አወጡት። በመጨረሻ የተጎዱት ሰዎች ቁጥር ከመቶ በላይ ሆነ፤ ብዙዎቹ ኩላሊታቸው ጨርሶ ሞተ።

ስሕተቱ ምን ነበር? ፋንግ ጂ የሚለው ስም አንድ ተክል ብቻ አይጠራም። ሃን ፋንግ ጂ የሚባለው ስቴፋኒያ የሚሉት ተክል ሥር ነው፤ ሐኪሞቹ ሊሰጡ ያሰቡትም እሱን ነበር። ጓንግ ፋንግ ጂ የሚባለው ግን ፈጽሞ የተለየ ወገን፣ አሪስቶሎኪያ የሚሉት ነው። ደርቆና ተቆራርጦ በጆንያ ሲመጣ ማን ይለየዋል? በመዝገቡ ላይ የተጻፈው ስቴፋኒያ ነው፤ በክኒኑ ውስጥ የገባው አሪስቶሎኪያ ነው። በአንዲት የፊት ቃል ስሕተት ከመቶ በላይ ሰዎች ኩላሊታቸው ተጎዳ። ስለዚህ ነው ጉዳዩ የእኛም ፋኩልቲ ነው ያልኩት።

በአሪስቶሎኪያ ውስጥ ያለው መርዝ አሪስቶሎኪክ አሲድ ይባላል። ኩላሊት ከደም አጣርቶ ለማስወጣት ወደ ራሱ ይስበዋል፤ እዚያም ሲደርስ መልኩን ለውጦ በሴሉ ውስጥ ካለው ከዘር ጽሕፈት ጋር ይጣበቃል። ተለጥፎም ለብዙ ዓመታት ይኖራል። ጽሕፈቱ ሲገለበጥ በኤ ፊደል ፈንታ ቲ ፊደል ይገባል፤ ይህ ስሕተት ከሌላው ሁሉ የተለየ ስለ ሆነ ዛሬ ሊቃውንት ከዕጢ ውስጥ አንብበው «ይህን ያደረገው አሪስቶሎኪያ ነው» ሊሉ ይችላሉ። በ2000 በወጣው ጥናት ከእነዚያው የብራስልስ ሴቶች መካከል የሞተ ኩላሊታቸውንና የሽንት ቧንቧቸውን ለማስወጣት የፈቀዱ 39 ሰዎች ተመረመሩ፤ በ18ቱ ላይ ነቀርሳ ተገኘ። ክኒኑን ካቆሙ ዓመታት አልፈው ነበር። የሚጎዳ ነገር ወዲያው ያስታውካል ወይም ያስቀምጣል ብሎ የሚያስብ ሰው ይህን ያስተውል፤ የሚወጉን መርዞች ሁሉ የሚጮሁ አይደሉም።

የመቀሌጃ ሻይ ለፈረንጅ ሴቶች ስለተሰጠ ነው፣ ቻይናዎች ግን አጠቃቀሙን ያውቁበታል የሚል መልስ ይመጣ ይሆናል። እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር። ዳሩ ግን በታይዋን ከ1997 እስከ 2003 ባለው ጊዜ የጤና ኢንሹራንሱ መዝገብ ሲመረመር ከሦስት ሰው አንዱ አሪስቶሎኪያ ያለበት መድኀኒት ታዞለት እንደነበር ታወቀ፤ የሽንት ቧንቧ ነቀርሳም በዚያች ደሴት እጅግ የበዛ ነው። በቻይናም ሙ ቶንግ በሚባለው ስም ተመሳሳይ ነገር ሆነ፤ በጥንቱ ቅመማ የነበረው አኬቢያ የተባለ ሐረግ ሲሆን፣ በሃያኛው መቶ ዘመን ጓን ሙ ቶንግ የተባለ የአሪስቶሎኪያ ዝርያ ቦታውን ወስዶ ነበር። የቻይና መንግሥት እሱን በ2003፣ ጓንግ ፋንግ ጂን በ2004 ከመድኀኒት መዝገብ አወጣቸው። እንግዲህ «ሁለት ሺህ ዓመት የተጠጣ» የሚባለው ቅመማ ስሙ ያው ሆኖ ተክሉ በመካከል ተለውጦ ነበር። ጥንታዊነቱ የተጻፈው በስሙ ላይ እንጂ በቅጠሉ ላይ አልነበረም። ደግሞስ፣ ከሃያ ዓመት በኋላ ነቀርሳ የያዘው ሰው ከሃያ ዓመት በፊት የጠጣውን ሻይ የሚከስበት ምን ምክንያት አለው? የባህል ሐኪም ቶሎ የሚገድለውን መርዝ በልምድ ያውቀዋል፤ ቀስ ብሎ የሚገድለውን ግን ያለ መዝገብና ያለ ቁጥር ማወቅ ለማንም አይቻልም።

ቶሎ የሚገድለውን ስለ ማወቃቸው ለሳይንስ ፋኩልቲው ወዳጄ ጥቂት ልንገረው። ፉ ዚ የሚባል ሥር አለ፤ ውስጡ ያለው አኮኒቲን የልብንና የነርቭን የሶዲየም በሮች ከፍቶ እንዳይዘጉ ያደርጋል፤ ምላስና ከንፈር ይደነዝዛል፣ ልብም ሥርዓቱን ያጣል። ቻይናዎች ይህን ሥር በጨው ውሃ ዘፍዝፈው፣ ለረጅም ሰዓት ቀቅለው ነው የሚጠቀሙበት። ኬሚስትሪ በኋላ ሲመረምረው፣ በመቀቀሉ አኮኒቲን ተሰብሮ መርዝነቱ እጅግ ወደሚያንስ ነገር እንደሚለወጥ አገኘ። እንዲህ ያለውን ነገር ከክታብ ጋር መቁጠር ግፍ ነው። ልብ በሉ፤ በቺንሃዎ ላይ እሳት መድኀኒቱን ይገድለው ይሆን ተብሎ ተጠረጠረ፣ በፉ ዚ ላይ ግን እሳት መርዙን ይቀንሳል። አዘገጃጀቱን ሳያውቅ ሥሩን ብቻ የገዛ ሰው የገዛው ግማሹን ነው። እኛም አገር ቢሆን እናቶቻችን ኮሶን ሲሰጡ በልክ ነበር፤ ከልኩ ያለፈበት ሰው ዓይኑ እንደሚጎዳ ሐኪሞች ጽፈዋል።

ስለ ማ ሁዋንግም በአጭሩ ላንሣ። ቻይናዎች ለሳልና ለትንፋሽ ማጠር ለጥቂት ቀን የሚያዝዙት ቅጠል የለሽ ቁጥቋጦ ነው። ጃፓናዊው ናጋይ በ1885 ከውስጡ ኤፌድሪንን ነጥሎ አወጣ፤ በ1924 ደግሞ ቼንና ሽሚት በፔኪንግ ያጠኑትን ሲያትሙ ዓለም ለአስም ተቀበለው። ከዚያ በአሜሪካ ነጋዴዎች ያንኑ ተክል ለውፍረት መቀነሻና ለስፖርተኛ ብርታት በክኒን ሸጡት፤ ለወራት የሚዋጥ ሆነ፤ የልብ ድካምና የጭንቅላት ደም መፍሰስ ተከተለ። በ2004 በዚያ አገር እንዳይሸጥ ተከለከለ። ተክሉ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ዓላማውና መጠኑ ነው። አሁንም የመጣው በወገብ በኩል መሆኑን ታዝባችሁልኛል።

በበኩሌ የምፈርደው እንዲህ ነው። የሳይንስ ወዳጄ ፍርድ በ1971 ፔኪንግ ውስጥ ተፈጽሞ ቢሆን ኖሮ ለእኔ የሚሆን ክኒን አይኖርም ነበር። የእኅታችን ፍርድ ደግሞ በብራስልስ ተፈጽሟል። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 በዓድዋ ሴቶች ልብስ ያጠቡበት የእንዶድ አረፋ ቀንድ አውጣዎችን ሲገድል ባየ ጊዜ፣ እንዶዱን አልናቀውም፤ «ባህል ነው» ብሎም አላለፈው፤ ወስዶ መረመረው፣ መጠኑን ለካ፣ ሌላውን ፍጥረት ይጎዳ እንደ ሆነ ለማወቅ ብዙ ዓመት ደከመ። የመድኀኒት ዕውቀት ያላቸው አባቶችና እናቶች በሞሉበት አገር ይህ ዓይነቱ ድካም ለምን የአንድ ሰው ታሪክ ሆኖ እንደሚቀር፣ የፋርማሲና የግእዝ ተማሪዎችስ በአንድ ጠረጴዛ ላይ አሮጌ የመድኀኒት ብራና ዘርግተው የማይቀመጡት ለምን እንደ ሆነ፣ እኔን ይቆጨኛል። ቱ ዩዩ ያገኘችው በሁለቱ መካከል ተቀምጣ ነው።

እስከዚያው ድረስ ግን የካርቶኑ ነገር አለ። ተክሉ በሳይንስ ስሙ ካልተጻፈ፣ ሥሩ ይሁን ቅጠሉ ካልታወቀ፣ እንዴት እንደ ተዘጋጀና ስንት ግራም እንደ ሆነ ካልተነገረ፣ የምንጠጣው ነገር ስም የለውም። ሐኪም ፊት ስትቀርቡም «ሌላ የምትወስዱት መድኀኒት አለ?» ሲላችሁ ሻዩን አትደብቁ፤ ቅጠልም ከክኒን ጋር ይጣላል።

ትናንት ማታ ካርቶኑን ቻይንኛ ለሚማር ጓደኛዬ አሳየሁት። መነጽሩን ጠርጎ አራቱንም ጎን አገላብጦ አነበበው። ስለ ወገብ፣ ስለ ውበትና ስለ ባህር ማዶ ደንበኞች ብዙ ተጽፎበታል አለኝ። ውስጡ ምን እንዳለ ግን አንድም ቦታ አልተጻፈም። የፋርማሲ ፋኩልቲ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ በቤተ ሙከራችሁ ልትመረምሩት የምትችሉ ከሆነ፣ በተማሪዎች ማኅበር ቢሮ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬዋለሁ። ሁለት ከረጢት ቀርቶበታል። ውጤቱን በሚቀጥለው እትም ብትጽፉልን፣ የምርቃቱ ፎቶግራፍ ገና ሦስት ሳምንት ይቀረዋል።